ቆጥ ላይ የወጣው ቡና

መቱ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ማሽን ላይ የቆምኩት ትምህርት በጨረስኩ በዓመቱ ነው። "ለሁለት ወር ብቻ" ብዬ ለእማዬ ምዬላት ገባሁ፤ ይኸው እስካሁን አለሁ። "አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶ!"፣ "የእኔን ነጣ አድርጊው!"፣ "ስፕሪስ አለ?" ሲባል ይዋላል። የጎሬ ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ሲል አራት ሰው ባንድ ጊዜ ያዛል፤ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ረዳቱ ብርጭቆውን ይዞ ሊሮጥ ይላል። እኔ ደግሞ መጣደፍ አልወድም። "ማሽኑ እንደናንተ አልተሳፈረም፤ ቁጭ በሉ!" ብዬ ያልጮህኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደንበኞቼ ለምደውኛል። ዝም ያልኩ ዕለት "ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" ብለው ይጨነቃሉ።

ጋሼን ያገኘኋቸው እዚያው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡና ሲቀምሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሻይ ያዛሉ። ሻይ! በቡና አገር፣ የቡና ሰው፣ እኔ ማሽን ላይ ቆሜ! አንድ ወር ያህል ታገሥኩ። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም፤ አንድ ቀን ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩና፣ "ጋሼ፣ ምን ያህል ቢጠሉኝ ነው ቡናዬን አንድ ቀን እንኳ የማይቀምሱት?" አልኳቸው።

"አንቺን ምን በወጣኝ እጠላለሁ፣ የኔ ልጅ" አሉ ረጋ ብለው። "አንድ ቀን ቀምሼዋለሁ። ከሰል ነው።"

"ታዲያ ከሰል ተራ ሄደው አይጠጡም!" ብዬ ጥያቸው ሄድኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ ምን እንዳልኩ የገባኝ ማሽኑ ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው። ፈርቼ ዞር ብዬ ሳያቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ "ከሰዓት በኋላ ሥራ ከሌለሽ የቅምሻ ክፍላችን ብቅ በይ፤ ካገርሽ ቡና ጋር ላስተዋውቅሽ" አሉኝ።

ኢሉባቦር ተወልጄ፣ ጓሮዬ ዘጠኝ እግር ቡና ቆሞ፣ ከቡና ጋር የሚያስተዋውቀኝ ሰው መጣ! እልህ ይዞኝ ሄድኩ። ሁዳዴ ነበር፤ በጾም ወተት ፈላጊው ትንሽ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ማሽኑም እኔም ሥራ ፈት ነን።

ክፍሏ ወደ ሶር ፏፏቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋሼ የተከራዩዋት ቆርቆሮ ቤት ናት። መሃል ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በረድፍ የቆሙ ብርጭቆዎች፣ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ መቁያ ማሽን፣ ሚዛንና ማንቆርቆሪያ። ሦስት ወጣቶች ነበሩ፤ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ጎሬ ላይ ቡና እየቆላ የሚሸጥ ፌዘኛ ነው። ሥራቸውን "ስፔሻሊቲ" ይሉታል። አንድ ገበሬ ቀይ ቀዩን ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጠ አድርቆ፣ ከማንም ቡና ጋር ሳይደባለቅ በራሱ ስም የሚሸጠው ቡና ማለት ነው። እነሱ እንዲህ ያለውን እየፈለጉ፣ እየቀመሱ፣ ከገዢ ጋር ያገናኛሉ።

አቀማመሳቸውን ሳይ ግን ምነው ሸዋ አልኩ። ተፈጭቶ ብርጭቆ ውስጥ የገባው ቡና ላይ ፍል ውሃ ይፈስበታል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ሁሉም በማንኪያው እየጨለፈ ጣሪያው እስኪያስተጋባ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ጣሳ ውስጥ እንትፍ! እኛ ቤት ቡና ሲጠጡ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። የሰው ቡና መትፋትማ ባለቤቱን ፊት ለፊት ከመስደብ አይለይም። እንደምንም ብዬ መሳቡን ሳብኩ፤ መትፋቱ ግን አልሆነልኝም። አሥራ አራት ብርጭቆ ቀመስኩ፣ አሥራ አራቱንም ዋጥኩ። ማታ ወደ ካፌው ስመለስ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ መያዝ አቅቶኝ ሁለት ሰበርኩ።

የምቀምስበትም ማንኪያ ከሽርጤ ኪስ ያወጣሁት የካፌው ነበር፤ ያች የስኳር ማማሰያ ትንሿ። የጎሬው ልጅ አያትና፣ "በማኪያቶ ማንኪያ ነው እንዴ የምትቀምሺው? እንኳን ደህና መጣሽ፣ ባለማኪያቶዋ!" አለኝ። ስሙ በዚያው ጸደቀ። እኔም ስመልስለት አልቀረሁም፤ የእሱ ማንኪያ ሾርባ ማውጫ የሚያህል፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚዞረው፣ ማንም እንዳይነካበት የሚጠብቀው ነበር። "የአማትህ ጥሎሽ ነው እንዴ?" እለዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልቀረሁም። መጀመሪያ ያመጣኝ እልህ ነበር፤ ያቆየኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ማለት አንድ ነገር፣ ጥቁርና መራራ ነገር መስሎኝ ኖሬ፣ የኖፓው ከጎሬው፣ ከወንዝ ዳር የተለቀመው ከዳገት ከተለቀመው እንደሚለይ በገዛ ምላሴ አየሁ። ተማሪዎቹ ጣዕም መለያ የሚሆን የፍራፍሬ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ነበራቸው። "ይሄኛው ብሉቤሪ ይላል" ይላል አንዱ። "ብሉቤሪ በልተህ ታውቃለህ?" ስለው፣ "አላውቅም" ይላል። "ታዲያ እንዴት አወቅኸው?" ጋሼ ሳቁና፣ "ልጅቷ እውነቷን ነው። የምናውቀውን እንጻፍ" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ክፍል ቡናው የጫካ እንጆሪ ይላል፣ ኮክ ይላል፣ ዘይቱን ይላል፣ የተቆላ ገብስ ይላል፣ ጥቁር ማር ይላል። ሰው እኔ የተናገርኩትን ወረቀት ላይ ሲጽፍ ያየሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ካፌ ውስጥ የሚጻፈው ትእዛዝ እንጂ የእኔ ሐሳብ አይደለም።

ቢሆንም ነጥብ መስጫው ወረቀት ለእኔ አይሰጠኝም ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ እኔ ውሃ አፈላለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እናገራለሁ፤ ወረቀቱ ሲታደል ግን አራት ነው፣ አራቱም ባለቤት አላቸው። ባለማኪያቶዋ ናታ! እንደማልፈልግ ሆኜ ዞር እላለሁ። ውሸቴን ነው። ያቺን ወረቀት እንደፈለግኳት በሕይወቴ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም። አባቴ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀልኩ አድጌም፣ ገበያ ላይ ስጨቃጨቅ "አንቺ ደግሞ ከየት የመጣሽ ነሽ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያቺ ክፍል ውስጥ ግን ሁላችንም ከአንድ ቦታ፣ ከብርጭቆው ነበር የምንነሳው። እዚያ እንኳ ሙሉ ልሁን ብዬ ነው።

መጋቢት ላይ አንዲት እናት ከዳሪሙ መጡ። አዴ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ያለ አክብሮት ነው። ባላቸው ሞቶባቸው ጫካ ውስጥ ያለችውን የቡና መሬት ብቻቸውን የሚይዙ ሴት ናቸው። መኪና መንገድ ድረስ በእግራቸው፣ ከዚያ በተገኘው ተሳፍረው፣ ሁለት ኪሎ የምትሆን ተፈልፍላ የተለቀመች ናሙና በነጭ ከረጢት አንገታቸው ሥር አቅፈው። ጋሼ እፍኝ ያህል ቆልተው ቀመስናት። ጥቁር ማርና ኮክ፤ ከዋጡት በኋላ እንኳ የማይሄድ። የጎሬው ልጅ ሳይቀር ፌዙን ረሳ። ከፋሲካ በኋላ ለውጭ ገዢዎች ቡና የሚመርጥ ቀማሽ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ፣ ናሙናዋ እስከዚያ ትቀመጥ ተባለ። እሱ ከወደዳት የአዴ ቡና ለብቻው በስማቸው ይሸጣል፤ ካልወደዳት ከሰፈሩ ቡና ጋር ተደባልቆ መርካቶ ይገባል።

በልጉ ግን ቀደመ። ኢሉባቦር ዝናብ ሲጀምር መላ የለውም፤ የክፍላችን ቆርቆሮ ቀዳዳ ሆኖ ናሙናዎቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ጋሼ ሁላችንንም ጠሩና ከረጢቶቹን ለየሰዉ አከፋፈሉ። "ቀማሹ እስኪመጣ ድረስ ቤታችሁ ይቆይ፤ አደራ፣ እርጥበት እንዳያገኘው" አሉ። ለእኔ የደረሰኝ የዳሪሙው ነበር። ደግመው አላዩኝም፣ አላስጠነቀቁኝም። ልክ እንደሌሎቹ ሰጡኝ። እቤት እስክደርስ በዝናቡ ውስጥ ከረጢቱን ከሹራቤ ሥር ወሽቄ እየሳቅኩ ነው የሄድኩት።

ለእማዬ ነገሩን አስረዳኋት። "እርጥበት ከነካው ጉዴ ፈላ፣ እማዬ። የሰው አደራ ነው።" ሳጥኔ ላይ አስቀምጬው ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሳጥኑ ላይ የለም። ደንግጬ ማድ ቤት ስገባ፣ እማዬ በኩራት ወደ ላይ አሳየችኝ። ቆጥ ላይ አውጥታዋለች። ቆጥ ከምድጃው በላይ የተረበረበው እንጨት ነው፤ ጭሱ ሲያልፍበት ስለሚውል ነቀዝም እርጥበትም ዝር አይልበትም። የዘር በቆሎ እዚያ ይወጣል፤ ለከርሞ የታሰበ፣ የሚወደድ ነገር ሁሉ ቦታው እዚያ ነው። አይቼ ምን አልኩ? "እሰይ እማዬ፣ እንዴት አሰብሽው!" ብዬ ጉንጯን ሳምኳት። ከረጢቱ ሦስት ሳምንት እዚያው ከረመ።

ጋሼ እርጥበትን እንጂ ጭስን አልነገሩኝም። ለምን ይነግሩኛል? ቡና ሽታ እንደሚጠጣ እዚያ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም የማውቅ መስሏቸው ነው።

የአዲስ አበባው ቀማሽ በመጣ ማክሰኞ ከተማሪዎቹ አንዱ ፈተና ነበረበት። ጋሼ ወረቀቶቹን ሲያድሉ አንዱ ተረፈ። ወደ እኔ ገፉትና፣ "ጻፊ እንግዲህ፤ ምን ያፈዝሻል?" አሉኝ። እጄን በሽርጤ ጠራርጌ ተቀበልኩ። ስምንት ረድፍ ብርጭቆ፣ ከቁጥር በስተቀር የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። በቅምሻ ጊዜ አይወራም፤ የማንኪያና የአፍ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት ላይ ስደርስ ምላሴ ላይ አንድ ነገር ያዘኝ። ደግሜ ሳብኩ። አፌ መቼ አርፎ ያውቃል፤ "ጭስ!" ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ቀና አሉ። እንግዳው መጥቶ ስድስትን ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ስስ ነው፣ ግን አለ። ጎበዝ! ማናት ይቺ?"

"መናኸሪያ ያለው ካፌ ማሽን ላይ ነው የምትሠራው" አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር፤ አልተሳሳትኩም።

"ጥሩ ምላስ አላት።"

በልቤ ጮቤ ረገጥኩ። የጎሬው ልጅ እንኳ ከጠረጴዛው ማዶ ቅንድቡን አንስቶ አደነቀኝ። ሌሎቹን ብርጭቆዎች እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

ከዚያ ጋሼ ደብተራቸውን ገልጠው ቁጥሮቹን ማንበብ ጀመሩ። "ቁጥር አምስት፣ የኖፓው። ቁጥር ስድስት..." ቆም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። "ስድስት፣ የዳሪሙዋ።"

እንግዳው ብዕሩን አነሳ። "ያሳዝናል። ከሥሩ ጥሩ ቡና እንደነበር ያስታውቃል። እሳት አጠገብ አድርቀውት ይሆናል። ይህንን ግን ለገዢ መላክ አልችልም" አለና መስመሩ ላይ ሰረዝ አደረገ።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም አልኩ። አንድ ደቂቃ ትሆናለች፤ ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አፍርባታለሁ። ወረቀቴ ፊቴ አለ። ጥሩ ምላስ አላት ተብያለሁ። አዴ ሩቅ ናቸው፤ ማን አጨሰው፣ የት ጨሰ፣ ማን ይጠይቃል? ደግሞ ከተናገርኩ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ፤ አደራ የበላች ባለማኪያቶ። ከዚያ ያች ነጭ ከረጢት ትዝ አለችኝ፤ አዴ እንዴት አድርገው አቅፈዋት እንደገቡ። አፌ እንደለመደው ቀደመኝ።

"እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ቆጥ ላይ ነበር።"

"ምን ላይ?" አለ እንግዳው። እሱ አልገባውም። ጋሼና የጎሬው ልጅ ግን ወዲያው ገብቷቸዋል፤ የሁለቱም እናቶች ማድ ቤት ቆጥ አለ። የጎሬው ልጅ ቀስ ብሎ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ እሰማ ነበር፤ የብብቷን ቆጥ ላይ የሰቀለች ግን አንቺን አየሁ" አለ። ማንም አልሳቀም፣ እሱም ራሱ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ነጠላዬን ሳብኩና ተነሳሁ።

"ወዴት ነው?" አሉ ጋሼ።

"ልሂድ እንጂ! ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?"

"ቁጭ በይ። ስለ ጭስ ነግሬሻለሁ? አልነገርኩሽም። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው።" ወረቀቴን ወደ ራሳቸው ሳቡና ስድስተኛው ላይ የጻፍኩትን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ይሄ ደግሞ ልክ ነው፤ አልሰርዘውም። ግን ቡናው የእኔ አይደለም፤ ለእኔ ተናዝዘሽ አትገላገይም። ዳሪሙ ሄደሽ ለባለቤቷ ራስሽ ንገሪ።" ወደ እንግዳው ዞረው በልመና ዓይን አዩት። እሱም ደግ ሰው ነበር፤ ወደ ጎሬና ኖፓ ሄዶ ሐሙስ በመቱ እንደሚመለስ፣ ሐሙስ ከሰዓት በፊት አዲስ ናሙና ከደረሰለት እንደሚቀምስ፣ ካለዚያ ግን መኪናው እንደማይጠብቅ ተናገረ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። የዳሪሙ መኪና እስከሚደርስበት አድርሶኝ፣ የቀረውን ጭቃ ለጭቃ ሁለት ሰዓት ያህል ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳጠና ነበር። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፤ ለክርክር ይበቃል፣ ለይቅርታ ሲሆን ቃል እንደሚያጥረው ያን ቀን አየሁ። አዴ ደጃፍ ላይ ቡና ሲለቅሙ ደረስኩ። ቁጭ እንኳ ሳልል ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ቆጡን፣ ጭሱን፣ ሰረዙን።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ተነሱና ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። መኝታ ቤታቸው ነው። አልጋ ግን የለም። በአልጋው ቦታ ሳንቃ ተረብርቦ ሦስት ኩንታል ቡና በንጹሕ ጆንያ ተደርድሯል።

"የእናንተ ሽማግሌ አምና ሰፈራችን መጥተው ጭስ እንዳይነካው ብለውኛል" አሉ በኦሮምኛ። "ከመኸር ጀምሮ ክፍሌን ለቡናው ለቅቄ እኔ ምድጃ ዳር መሬት ላይ ነው የምተኛው። እዚህ ቤት ኩራዝ እንኳ አላበራም።"

ምነው በሰደቡኝ! እኔ አልቃሻ ሰው አይደለሁም፤ አባቴን ስንቀብር እንኳ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ነው የዋልኩት። ያን ቀን ግን ጆንያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከተሜዋ፣ ባለማሽኗ፣ "ጥሩ ምላስ አላት" የተባልኩት፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት የሚያውቁትን አላውቅም ነበር።

"ተነሺ፣ ጆንያውን ታረጥቢዋለሽ" አሉኝ። ቀና ስል ፈገግ ብለዋል። "ቆጥ ላይ ያወጣችው እናትሽ ናት?"

"ናት። ግን እኔም አይቼ አመስግኛታለሁ።"

"እንዳትቆጫት። ሰው የማይወደውን ቆጥ ላይ አያወጣም።" ይህን ብለው የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ስንት ሰዓት ያልበላሁ እንደነበርኩ ያን ጊዜ ታወቀኝ። እዚያው አደርኩ፤ በማግሥቱ አዲስ ናሙና በነጭ ከረጢት ቋጠሩና ነጠላቸውን ለበሱ። "ነይ እንሂድ። ይህኛውን እኔው እስከ ብርጭቆው አደርሰዋለሁ።"

በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ "ልያዝልዎት" አልኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ "ተይው" አሉ። መኪና ውስጥም ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ሰው ሲጋራ ሲለኩስ እንዲያጠፋ አዘዙት፣ አጠፋም። አልፈረድኩባቸውም።

ቅምሻ ክፍላችን ውስጥ እስከዚያ ቀን ገበሬ ተቀምጦ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ናሙና ያመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ያን ሐሙስ ጋሼ ወንበር ስበው አዴን ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጧቸው። ማንኪያ ሲቸግር የጎሬው ልጅ ያን በጨርቅ የተጠቀለለ ማንኪያውን ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋና፣ "በይ ያችን የማኪያቶሽን ማንኪያ አምጪ" አለኝ። እኔ ከተማሪው ተዋስኩ።

ለአዴ ሥርዓቱን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሳቡት፤ ከሁላችንም በላይ ጮኸላቸው፣ ራሳቸውም ሳቁ። ከዚያ መትፊያውን ጣሳ አቀረብኩላቸው።

"ምን ላድርግበት?"

"ይትፉበት። እዚህ ሁሉም ይተፋል።"

"ከአልጋዬ ወርጄ የጠበቅኩትን?" አሉና ዋጡት።

ጋሼ የተባለውን ሰሙ። ማንኪያቸውን አንስተው ከዚያው ብርጭቆ ሳቡ፣ እሳቸውም ዋጡ። የጎሬው ልጅ በትንሿ ማንኪያ ዋጠ። ተማሪዎቹ ዋጡ። የአዲስ አበባው እንግዳ ወዲያ ወዲህ አይቶ ዋጠ። እኔማ ድሮም ዋጭ ነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በእኛ ክፍል የመጀመሪያው ማንኪያ አይተፋም፤ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ቀማሾች ይገረማሉ፣ እኛ ግን እንነግራቸዋለን።

ጥቁር ማርና ኮክ። እንከን የለውም። እንግዳው ደብተሩን ገልጦ በተሰረዘው መስመር ሥር የአዴን ስም እንደገና፣ ጎላ አድርጎ ጻፈ። ሦስቱንም ኩንታል ለብቻው እወስዳለሁ አለ። ከዚያ በእኔ እየቀለደ ወደ አዴ ዞሮ፣ "ይቺ አጫሿ ምንዎት ናት?" ሲል ጋሼ ተረጎሙላቸው። አዴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ "ኢንታለ ኬኛ" አሉ። የእኛ ልጅ ናት ማለታቸው ነው። ብዙ ሰው ልጄ ብሎኛል፤ የእኛ ያለኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ከናሙናው የተረፈው ቡናው ሲጫን ለማወዳደሪያ መቀመጥ ነበረበት። የክፍላችን ቆርቆሮ እንደተቀደደ ነው። ጋሼ ከረጢቱን አንስተው ለማን ልስጥ ብለው ሲያመነቱ አዴ ከእጃቸው ተቀበሉና ጭኔ ላይ አኖሩት። "እሷ ጋ ይሁን" አሉ። "እሷ ከእንግዲህ አትስትም።"

እቤት ገብቼ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ደብቄያት ነበር። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት? ምነው እጄን በቆረጠው!" ብላ ደረቷን ደቃች። አዴ ስለ ቆጡ ያሉትን ስነግራት ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ብድግ ብላ የልብስ ሳጥኗን ከፈተች። የክት ቀሚሷን፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሳትን ነጠላዋን አንድ በአንድ አወጣችና፣ ከረጢቱን አስገብታ ሳጥኑን ቆለፈች።

"ልብሱንስ የት ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"ቆጥ ላይ ነዋ! ልብስ ቢጨስ ማን ይቀምሰዋል?"

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ ቆምኩ። ነጠላዋ ጭስ ጭስ ይላል። ከፊታችን የቆሙ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩን፤ እማዬ ቅንጣት አልተሸማቀቀችም። እኔም ያን ቀን ለራሴ ምንም ሳልለምን አመስግኜ ብቻ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።